ሦስት መስቀል፣ ሦስት ጨረቃ

ቧንቧ የሚያውቅ ሰው ሁሉን ነገር የሚያውቅ ይመስለዋል። ይህን የምለው ራሴን አይቼ ነው። መካነ ሰላም ላይ ውሃ ሲጠፋ ስሜ የሚነሳ፣ ውሃ ሲመጣ ደግሞ የሚረሳ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው የተደፈነ ስከፍት፣ የሚያፈስ ስዘጋ ነው። ስለዚህ የአጎቴን የአያ ተክሌን ሽጉጥ ተቀብዬ በአፈሙዟ አሻግሬ ሰማዩን ያየሁ ዕለት በልቤ "ይቺ ምን አላት? ቸኩላ የምትተፋ ቧንቧ ማለት ናት" አልኩ። ከዚያ በኋላ የደረሰው ሁሉ የመጣው ከዚች አንዲት ሐሳብ ነው።

ሽጉጧን ሳላስተዋውቃችሁ ወሬውን ብቀጥል ግን ነውር ይሆንብኛል። በዘመዶቼ ዘንድ እሷ ከእኔ በፊት የተከበረች ናት።

በጃንሆይ ጊዜ አንድ የአገራችን ባላባት ከባሕር ማዶ የመጣች ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ተበላሸችና ለአያ እንድሪስ ተላከች። አያ እንድሪስ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ናቸው፤ ያኔ ገና ጢማቸው በወጉ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበሩ። ጠገኗትና መለሷት። ስትመለስ ግን መልኳ በዓይናቸው ቀርቶ ነበር። ከዚያ የወፍጮ ስባሪ፣ ያረጀ ልጓምና የማንም ያልሆነ ብረት ሁሉ ለቃቅመው መንትያዋን ሠሩ። የመካነ ሰላም የመጀመሪያው ፎቶ ኮፒ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እንደ ፎቶ ኮፒ ሁሉ ትንሽ ጠቆር ያለች፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘመም ያለች ናት። የዛሬውን ጥይት አታውቅም። ባሩዱም እርሳሱም በእጅ እየተደረገ ስድስት ቀዳዳ ባላት ክብ ብረት ውስጥ ይገባል። ያችን የምትሽከረከር ብረት ሁለቱ ሽማግሌዎች "መዘውሯ" ይሏታል፤ እኔም እንደነሱ ልበላት።

ለምን ሠሯት? ለአያ ተክሌ ነዋ። አያ ተክሌ የቄስ ልጅ ናቸው። ድቁና ተቀብለው ቅዳሴ ላይ ይቆሙ ነበር አሉ፤ ቆቅ ከገደሉ ስትጮህ ግን አንገታቸው ወደ ደጅ እየዞረ አስቸገረ። በመጨረሻ አባታቸው "ይህ ልጅ ለመቅደሱ አይሆንም፤ ጫካው ይቀድሰው" ብለው ተዉአቸው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቀጥቃጭ ቤት ሰው ዘው ብሎ አይገባም፤ ዓይናቸው ይበላል እየተባለ ይፈራል። አያ ተክሌ ገቡ። ገብተው ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጡና "ሰላም አለይኩም፣ ቆቅ ማደን ትወዳለህ?" አሉ። ወዳጅነቱ በዚህ ተጀመረ።

ችግሩ የመጣው የመጀመሪያዋ ቆቅ የወደቀች ዕለት ነው። እኛ አገር እስላምና ክርስቲያኑ ሠርጉም ለቅሶውም አንድ ነው፤ ልጅ ይዋለዳል፣ ስም ይዋዋሳል። ሥጋ ላይ ሲደረስ ግን ድስቱ ሁለት ይሆናል። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ክርስቲያኑ አይበላም፤ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን እስላሙ አይበላም። ሁለት አዳኝ፣ አንድ ሽጉጥ፣ አንዲት ቆቅ። ማን ይረድ? ሁለቱ ጓደኞች ሲጨቃጨቁ ቆቋ ሞታ ለማንም ሳትሆን ቀረች፤ ጅብ በላት።

አያ እንድሪስ ወደ ቤታቸው ሄደው ለዚህ መላ ፈጠሩ። በመዘውሯ ስድስት ቀዳዳዎች አጠገብ ምልክት ቀረጹ። አንዱ ላይ መስቀል፣ ቀጥሎ ጨረቃ፣ ቀጥሎ መስቀል፤ እንዲህ እያለ ሦስት መስቀልና ሦስት ጨረቃ ሆነ። ቆቋን የጣላት የመስቀሉ ቀዳዳ ከሆነ አያ ተክሌ ያርዳሉ፤ የጨረቃው ከሆነ አያ እንድሪስ ያርዳሉ። ከከሸፈች ተራው አለፈ ማለት ነው፣ የነሲብ፣ የዕድል ጉዳይ ነው። ሽጉጧ ደግሞ መክሸፍ ትወድ ስለነበር ነሲብ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ዋናው ወሬ እገባለሁ። ጨረቃዎቹ ጥርት ብለው የተቀረጹ ናቸው። መስቀሎቹ ግን ሦስቱም ጠማማ ናቸው። አያ ተክሌ "ይሄ መስቀል ነው ወይስ የተሰበረ ቀንበር?" እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ያሾፋሉ። አያ እንድሪስም "ምን ላድርግ፣ የናንተ ቄሶች ሲያሳልሙ እጃቸው አያርፍ፤ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም" ይላሉ። ይህችን ቀልድ ልጅ ሆኜ ሰምቻታለሁ፤ ጎልማሳ ሆኜም ሰምቻታለሁ። ሁለቱም በሰሙ ቁጥር እንደ አዲስ ይስቃሉ።

ወሬዬ የተፈጸመው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ተኩስ ሲሰማ ሰው "ማን አገባ?" ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ። ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ወደ አያ ተክሌ ቤት ጎራ ብል ሁለቱ ሽማግሌዎች ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሽጉጧ በመካከላቸው ጨርቅ ላይ ተኝታለች።

"ኸይር ነው?" አልኩ።

"እንድሪስ ሊሄድ ነው" አሉ አያ ተክሌ፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ደሴ ነው የምሄደው፤ አኼራ አይደለም" አሉ አያ እንድሪስ። "ልጆቼ ናቸው ዓይንህ እየደከመ ብቻህን አትቀመጥም ያሉኝ። እሑድ መኪና ይዘው ይመጣሉ።"

"ደሴ ቆቅ አለ?" አያ ተክሌ ጠየቁ።

"ባጃጅ ነው ያለው።"

 ከዚያ አያ ተክሌ ሽጉጧን ብድግ አድርገው ወደ እኔ ዘረጉ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከመለያየታቸው በፊት አንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ አብረው ቆቅ ሊያድኑ ፈልገዋል። አርብ አይሆንም፤ ለአንዱ ጾም ነው፣ ለሌላው ጁምዓ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነች የቀረችው። ሽጉጧ ግን ካኮረፈች ዓመታት አልፈዋል፤ ስድስት ጊዜ ቢስቧት ስድስት ጊዜ ትከሽፋለች። የአያ እንድሪስ ዓይን ሊያበጃት አይችልም።

"አብሽሩ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "እኔ አስተካክላታለሁ። ከእንግዲህ አንዴም ሳትከሽፍ ነው የምትተኩስላችሁ።"

ሁለቱ ተያዩ።

"አንዴም?" አሉ አያ እንድሪስ ቅር ብሏቸው።

"ኧረ አቦ፣ ትንሽ ትንሽ ብትከሽፍ ምን አለበት" አሉ አያ ተክሌ። "ከነአካቴው ካልከሸፈች እኮ ገበያ ሄዶ ዶሮ እንደመግዛት ሆነ።"

እኔ አልሰማኋቸውም። የቀበሌውን ሊቀመንበር አግኝቼ እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልንገራቸው ብል ሽጉጧን አገላብጠው አይተው ሳቁ። "ይቺማ ጌጥ ናት። ከተኮሰች እኔንም ጥሩኝ" ብለው አሰናበቱኝ። ይህ ንግግር ወኔዬን ይበልጥ ቀሰቀሰው።

ሥራ የጀመርኩት በባሩዱ ነው። የአያ ተክሌ ባሩድ በቀንድ ተሞልቶ ጓዳ ተሰቅሎ የኖረ ስለሆነ እርጥበት ገብቶታል። ማድረቅ ነው ብዬ ቤቴ ግቢ ውስጥ ሰፌድ ላይ አሰጣሁትና ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ስወጣ ባለቤቴ ዘነበች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ዶሮዎቹ ሰፌዱን ከብበው አንገታቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ።

"ጥቁር አዝሙድ ከየት አመጣህ?" አለች።

"አዝሙድ አይደለም። ባሩድ ነው።"

መጀመሪያ ወደ ሰፌዱ አየች። ቀጥላ ወደ ዶሮዎቹ አየች። ከዚያ ወደ እኔ የዞረችበትን አስተያየት ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

"ስማ፣ ያ ቀዩ ዶሮ ለበዓል የተቀመጠ ነው" አለች። "ጉልቻ ላይ ስጥደው ቤቴን ይዞት ቢሄድ ማንን ነው የምጠይቀው?"

ዶሮዎቹ ምንም አልሆኑም። ሰፈሩ ግን ሰምቶ ኖሮ ለብዙ ጊዜ ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ ዶሮ ሲያይ ዞር ብሎ ያልፍ ነበር። ቀዩ ዶሮም ከዚያ በኋላ ጠባዩ ተለውጦ ሲራመድ ደረቱን ይነፋል። የሞላው ባሩድ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ፤ ዝናው ነው።

በማግስቱ ሽጉጧን ይዤ ወደ ሱሌ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ሱሌ በር ይሠራል፤ በየበሩ ላይ አንበሳ ይበይዳል። አንበሶቹ ሁሉ የሚስቁ ይመስላሉ። ሽጉጧን ሲያይ እሱም እንደ አንበሶቹ ሳቀ።

"ጋሼ፣ ችግሯ ገብቶኛል" አለ ገና ሳይነካት። "መምቻዋ ደክሟል። ሞላዋን እንቀይርላታለን።"

የሚስማማት ሞላ አልተገኘም። ሱሌ ጥግ ላይ የተጣለ የአይሱዙ ወንበር ነበረው፤ ከሱ ላይ ፈትቶ፣ ቆርጦ፣ አጥፎ ከተተላት። አሁን መምቻዋ ቢለቀቅ ሚስማር ይመታል። ወደ ኋላ ለመሳብ ግን ሽጉጧን በጉልበቴ መካከል ይዤ በሁለት እጄ መጎተት ነበረብኝ። ፊቴ እስኪቀላ ታግዬ ስስባት ሱሌ "ይሄ ነው ጋሼ፣ አሁን ጉልበት አላት" አለኝ። ለሰባ ዓመት ሽማግሌ እንደምትሰጥ ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ከዚያ ደግሞ ለእኔ ሙያ የቀረበ ነገር አየሁ። በመዘውሯ ቀዳዳዎች አፍ ላይ ቢጫና ድርቅ ያለ ነገር ዙሪያውን ተጋግሯል። የቧንቧ ሰው ቀዳዳ ተደፍኖ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ላስረዳችሁ አልችልም። "ይሄው!" ብዬ ጮህኩ። "ለካ ይሄ ነው የሚያከሽፋት! ተደፍና ነው!" በምስማር ፈቀፈቅኩት፤ በላምባ አጠብኩት። ስድስቱም ቀዳዳዎች እስኪያበሩ ድረስ አልተውኩም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ዞር ብዬ እጄን ስታጠብ ነው የሱሌ ብረት መፋቂያ፣ ግራይንደሩ፣ የጮኸው።

"ሱሌ! ምን እያረክ ነው?"

"ዝገቷን ላንሳላት ብዬ ነው ጋሼ፣ ጫር ጫር ያለ ነገር አለባት።"

እየሮጥኩ ስደርስ ከቀዳዳዎቹ አጠገብ አንዱ ቦታ ልሙጥ ሆኖ ያብለጨልጫል። ጠማማው መስቀል የለም። ሱሌ አልሰማኝም፤ ቀጥሎ ጨረቃዋ ላይ ሊያሳርፈው ሲል መብራት ጠፋ። ግራይንደሩ እያቃሰተ ቆመ። ሱሌ ተራገመ፤ መካነ ሰላም በሙሉ ተራገመች። እኔ ብቻ መብራት ስለጠፋ ተመስገን ያልኩ ሰው ነበርኩ። መዘውሯን ከእጁ ነጥቄ ሄድኩ። መስቀሉን መልሼ በምስማር ልቀርጽ ሞከርኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ደግሞስ በእኔ እጅ የወጣ ቀጥ ያለ መስቀል ምን ያደርጋል ብዬ ተውኩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ አያዩትም ስል ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉሙ ገና ከገደሉ ሳይነሳ ከአያ ተክሌ ማሳ በታች ወዳለው ቁጥቋጦ ወረድን። የገብሱ ቃርሚያ በጤዛ ርሷል። አያ ተክሌ ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፤ አያ እንድሪስ ልጆቻቸው ከደሴ የላኩትን አዲስ ጃኬት ለብሰው በትራቸውን ይዘዋል። እየሄዱ ይቆማሉ። ዛፍ ሲያዩ ይቆማሉ፣ ድንጋይ ሲያዩ ይቆማሉ።

"እዚች ጋ ነው ያን ጊዜ እግርህ የታጠፈው።"

"ያንተ ነው የታጠፈው። እኔ ነኝ የተሸከምኩህ።"

"ወላሂ እኔ ነኝ የተሸከምኩህ!" አሉ የቄሱ ልጅ።

እኔ ከኋላቸው ባሩድ ጠቅጥቄ የሞላኋትን ሽጉጥ ይዤ እከተላለሁ። ወጣትነታቸውን በእግሬ እየተከተልኩ ያለሁ መሰለኝ። በልጅነቴ እነዚህ ሰዎች ከአደን ሲመለሱ ደጅ ሆኜ እጠብቃቸው ነበር፤ ቆቋ የማን ቤት እንደምትገባ ከአካሄዳቸው አውቅ ነበር። 

ቆቋ ጮኸች። ሁለቱም አንድ ላይ ቆሙ። ከፊታችን ካለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ሠርግ እንደተጠራ እንግዳ ተዝናንታ ታየናለች።

አሁን ማን ይተኩስ? የአያ ተክሌ ዓይን ደህና ነው፣ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል። የአያ እንድሪስ እጅ እንደ ድሮው ጽኑ ነው፣ ዓይናቸው ግን ቆቋንና ድንጋዩን አይለይም። ስለዚህ አያ እንድሪስ ሽጉጧን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አያ ተክሌ ከኋላቸው ሆነው በትከሻቸው ላይ አሻግረው አነጣጠሩ። መምቻዋን እኔ ታግዬ ሳብኩላቸውና ድንጋይ ጥግ ሄጄ ተጠጋሁ።

"ወደ ግራ" አሉ አያ ተክሌ በሹክሹክታ።

"የማን ግራ?"

"ወደ አንድ ዞረን ቆመን የማን ግራ ትለኛለህ? ግራ አንድ ነው!"

"እሺ። አሁንስ?"

"ትንሽ ወደ ላይ። ቁም። በስመ አብ በል!"

"የማን ተራ ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንተም ቢስሚላህ በል!"

ሁለቱም በየፊናቸው አሉ። አያ እንድሪስ ቃታውን ሳቡ።

ያ ድምፅ አንድ ተኩስ አልነበረም። ስድስቱም ቀዳዳዎች ተያይዘው አንድ ላይ ጮኹ። ገደሉ ጩኸቱን ተቀብሎ መለሰው፤ ከማዶ ያለው ገደልም ተቀበለው። ነጭ ጭስ ሁለቱን ሽማግሌዎች ዋጣቸው።  "ገደልኳቸው" አልኩ ለራሴ፤ የማስበው ሁሉ እሱ ብቻ ሆነ።

ከጭሱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

"ተክሌ! አለህ?"

"አለሁ። አንተስ?"

"እንጃ፤ እስቲ እየኝ። እኔ በደህናውም ጊዜ አላይ።"

ጭሱ ሲገለጥ ሁለቱም ቆመዋል። የአያ እንድሪስ ነጭ ጢም ከሰል መስሎ ጠቁሯል፤ የመጀመሪያ ሚስታቸውን ሲያገቡ የነበሩትን መስለዋል። የአያ ተክሌ ጋቢ ጫፉ ላይ ይጨሳል። ከማዶ ኮረብታ ላይ አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው። አንድ ገበሬ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ።

"ማን አገባ?"

"እንድሪስ ነው!" ብለው መለሱ አያ ተክሌ።

"አስተግፊሩላህ!" አሉ አያ እንድሪስ፣ ግን ይስቁ ነበር። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው አፍንጫቸውን አሸተት አሸተት አደረጉ። "ልጄ፣ ሰሙስ?"

"የትኛው ሰም?" አልኩ።

"የቀዳዳዎቹን አፍ የምደፍንበት የማር ሰም ነዋ። እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይሄድ።"

ቢጫው፣ ድርቅ ያለው ነገር ትዝ አለኝ። በላምባ ያጠብኩት። እስኪያበራ የፈተግኩት። "ቆሻሻ መስሎኝ አጠብኩት" አልኩ፤ አያ እንድሪስም ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሳትከሽፍ አልክ እኮ" አሉ። "ቃልህን ጠብቀሃል።"

ቆቋ ከድንጋዩ ሥር ወድቃለች። ላባዋ አንድም ደም አልነካውም፤ ድንጋጤው ይሁን የድንጋይ ፍንጣሪ እንጃ፣ ዓይኗን ጨፍና በቀስታ ትተነፍሳለች። አያ ተክሌ አነሷትና ቁጭ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ሽጉጧ አለቀላት፤ አፈሙዟ ወደ ጎን ዞሯል፣ መዘውሯ ተገንጥላ ሣሩ ላይ ወድቃለች። አያ እንድሪስ በእጃቸው ዳብሰው አገኟት።

"ማን ይረድ?" አሉ አያ ተክሌ። "ስድስቱም ተኩሰዋል።"

"እንቁጠርና በብዙኃኑ ይሁን" አሉ አያ እንድሪስ፤ በአውራ ጣታቸው መዘውሯን እያዞሩ መዳበስ ጀመሩ። "ጨረቃ። መስቀል። ጨረቃ። መስቀል። ጨረቃ።" ጣታቸው ልሙጡ ቦታ ላይ ደረሰና ቆመ። ወደ ኋላ መለሱት፤ እንደገና ዳበሱ። 

"ግራይንደር በላው" አልኩ። "መብራት ባይጠፋ ሁሉንም ይበላቸው ነበር።"

አያ ተክሌ ቀና ብለው አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። "አብሽር" አሉኝ ቀስ ብለው። "ድሮም ጠማማ ነበረች።" ፊታቸውን ወደ ወዳጃቸው አዞሩ። "በል እንግዲህ፣ ሦስት ለሁለት። ቆቋ ያንተ ናት፤ እረድ።"

"አላርድም። መስቀልህ የጠፋችው ተበድላ ነው። ያንተ ናት፤ ውሰድ።"

"ያንተ ናት እያልኩህ!"

"ያንተ ናት!"

ዕድሜ ልካቸውን "የኔ ናት" እያሉ የተጨቃጨቁ ሰዎች ያን ቀን "ያንተ ናት" እያሉ ተጣሉ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ አያ ተክሌ ድምፃቸው ተሰብሮ ተናገሩት።

"ብትወስዳት ምን አለበት? አንተ ከወሰድካት ቀጣዩ ተራ የኔ ነው። የሰው ተራ በልተህ ደሴ ልትቀመጥ አትችልም። ትመጣለህ።"

"ሞኝ ነህ፣ ተክሌ" አሉ አያ እንድሪስ። "አንተ ከወሰድካት ቀጣዩ ተራ የኔ አይደል? ልጆቼን 'ተራዬ ደርሷል፣ መልሱኝ' ብዬ እይዛቸዋለሁ። እኔ ከወሰድኳት ግን ምን እላቸዋለሁ?"

ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል። የቧንቧ ሰው ፍሳሽ ማቆም ያውቃል ብላችሁ እንዳታምኑ።

እነሱ እንዲህ ሲከራከሩ ቆቋ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ቀስ ብላ ራሷን አነሳች። አያ ተክሌ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ፤ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ የለ? ወይም ደግሞ አልፈለጉም ይሆናል፤ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም። ክንፏን አራግፋ ከጭናቸው ተነሳችና በቁጥቋጦው ላይ ዝቅ ብላ በረረች። ድምጿ ብቻ ቀረ።

"ሄደች?" አሉ አያ እንድሪስ።

"ሄደች።"

"እንግዲያው ተራው አልወጣም።"

"አልወጣም" አሉ አያ ተክሌ፤ ፊታቸው በራ።

እሑድ የአያ እንድሪስ ልጆች መኪና ይዘው መጡ። ዕቃቸው ተጫነ። አያ ተክሌ መዘውሯን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው በመስኮቱ አቀበሏቸው። የቀረው የሽጉጧ አካል፣ ከነዞረው አፈሙዟ፣ እዚህ ቀረ። ያለ መዘውሯ እሷ ምንም አትሆንም፤ መዘውሯም ያለ እሷ ምንም አትሆንም። በዚህ ዓለም ላይ እኔ ከነካኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ከእንግዲህ እንደማታፈስ የማምንባት ያቺ ሽጉጥ ብቻ ናት። መኪናው ሲንቀሳቀስ አያ ተክሌ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትለው ሄዱ። ከዚያ ተመልሰው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው ያለውን ቦታ ግን ለማንም አልለቀቁም። እኔም ቆሜ ነው ያመሸሁት።

ከወራት በኋላ ለምሠራበት የውሃ መሥሪያ ቤት የቧንቧ ዕቃ ላመጣ ደሴ ሄድኩና ልጠይቃቸው ገባሁ። አያ እንድሪስ ወደ መንገዱ በሚያሳይ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ከታች ባጃጅ ይንጫጫል። ሰላምታችን አለቀና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ዘነበች ዶሮዎች ጠየቁኝ። ስለ አያ ተክሌ መጨረሻ ላይ ነው የጠየቁት፤ እንደ ዋዛ አድርገው።

"ደህና ናቸው" አልኩ። "ያቺ ቦታ እስካሁን ባዶ ናት።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ከትራሳቸው ሥር መሐረቡን አወጡ። መዘውሯን ፈተው መዳፌ ላይ አስቀመጧት። "ዳብስ" አሉኝ። ዳበስኩ። ጨረቃ፣ መስቀል፣ ጨረቃ፣ መስቀል፣ ጨረቃ። ልሙጧ ቦታ ላይ ስደርስ ጣቴ ሸካራ ነገር ነካ።

"ለተክሌ ንገረው" አሉ አያ እንድሪስ። "ሦስት ለሦስት ነን በለው።"

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። ስልክ ሲያወሩ መካነ ሰላም በሙሉ እንድትሰማቸው የሚጮኹት አያ ተክሌ መልእክቱን ስነግራቸው ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለቴ ሃሎ አልኩ።

"መስቀሏን አየሃት?" አሉ በመጨረሻ።

"በእጄ ይዣታለሁ።"

"ቀጥ ያለች ናት?"

ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኳት። አያ እንድሪስ የማላያቸው መስሏቸው አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ።

"ጠማማ ናት" አልኩ።

"እሰይ" አሉ አያ ተክሌ። "እንግዲያው ራሱ ነው የሠራት።"